ከጅማ እስከ ጀዊ፦ የስድስት ቀን ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 2015 ዓ.ም. — ከጅማ መቱ

እናቴ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምራ ስንቅ ስትቋጥር ነበር። ሁለት ኪሎ ጥሬ ቡና፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በመጨረሻ ደግሞ ለጥምቀት ብላ ገዝታ ሳትለብሰው የቀረችውን ነጭ ጋቢ አመጣች። «እማዬ፣ ጋምቤላ እኮ በረሃ ነው። ጋቢ ምን ያደርግላቸዋል?» አልኳት። «ሌሊት የማይበርደው ማን ነው? ባይለብሱት ያነጥፉታል» ብላ ከቦርሳው ሥር ከተተችው። ጋቢው የሚሄደው በአካል አይታት ለማታውቃት ሴት ነው። ሁለቱ እናቶች የሚገናኙት በስልክ ነው፤ የጋራ ቋንቋ ስለሌላቸው የሴትዮዋ ልጅ መካከላቸው ሆኖ የአንዷን ለሌላዋ ያደርሳል።

የልጁን ስም እዚህ አልጽፍም። ወንድሜ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ስጠራውም እንደዚያው ነው። የደቡብ ሱዳን ኑዌር ነው። ጅማ የመጣው በ2012 መጀመሪያ፣ የጀርመን መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ለስደተኛ ወጣቶች በሚሰጡት፣ ዳፊ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዕድል ነው። እኔ ደግሞ ከግቢው በር አጠገብ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። መጀመሪያ የመጣ ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር። ፍላሹን በመዳፉ እንደያዘ ደረጃው ላይ ሁለት ሰዓት ያህል ተቀመጠ። መብራት ሲመጣ አሥራ አንድ ገጽ አተምኩለት፤ ብሩ አልሞላለትም። «ነገ ታመጣለህ» አልኩት። በማግስቱ ጠዋት ልከፍት ስመጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የቀረችውን ብር በወረቀት ጠቅልሎ ነበር የያዛት።

በመጋቢት ኮሮና ገባና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። ተማሪው ሁሉ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ እናት አባቱ ሲበተን እሱ ሊሰናበተኝ መጣ። እናቴ ሱቅ ውስጥ ነበረች። ወሬያችንን ሰምታ «የት ነው የሚሄደው? ሰርቪስ ቤቱ ባዶ አይደል እንዴ?» አለች። በዚያው ቀረ። ግቢው እስኪከፈት ድረስ ከእኛ ጋር በላ፣ ከእኛ ጋር ጾመ። የኔን አሮጌ ኮምፒውተሮች ፈትቶ ጠገነ። አማርኛውን ያቀናው እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ተቀምጦ ነው፤ ዛሬም አንዳንድ ቃል ሲናገር የምሰማው የእናቴን ድምፅ ነው።

አሁን የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ነው። እናቱን ካያት ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል። «አንድ ጊዜ እንኳ አብረኸኝ ና» ሲለኝ ከርሞ ነበር፤ ዘንድሮ እሺ አልኩ።

አጎቴ ትናንት ማታ ደውሎ ተቆጥቶኛል። ምክንያት የለውም አልልም። በ2008 ሚያዝያ፣ አሁን እኛ በምንሄድበት በጀዊ መጠለያ፣ ሁለት ስደተኛ ሕፃናት በመኪና ተገጭተው ሞቱ። ከዚያ በተነሣው ቁጣ በሥራ ላይ የነበሩ ደገኞች ተገደሉ። ሬሳቸው ወደ ደጋ ሲመጣ የተለቀሰውን አጎቴ ያስታውሳል። ወንድሜም ያስታውሳል፤ ያኔ እዚያው ነበር። ስለዚያ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያወራኝ። «ሕፃናቱንም አውቃቸው ነበር፣ ከሞቱት ሠራተኞች አንዱንም አውቀው ነበር» አለኝና ዝም አለ።

ከጅማ በሚኒባስ አጋሮን አልፈን፣ ዴዴሳን ተሻግረን በደሌ ገባን። ምሳ ሽሮ። ከበደሌ በቅጥቅጥ የያዩን የቡና ጫካ እየሰነጠቅን ወደ መቱ። የዱር ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ነው የሚበቅለው፤ በመስኮት ስታዩት መሬቱ ራሱ ጥቁር አረንጓዴ ይመስላል።

አንድ ኬላ ላይ ሁላችንም ወርደን ተፈተሽን። ፈታሹ የእኔን የቀበሌ መታወቂያ ገለጥ አድርጎ መለሰልኝ። የእሱን የስደተኛ መታወቂያና የጉዞ ወረቀት ግን ይዞ ወደ ዳሱ ገባ። ተሳፋሪው ተሳፈረ። ረዳቱ «ግባ እንጂ!» አለኝ። «አብረን ነን» አልኩና ከመኪናው ሥር ቆምኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ፈታሹ ሲወጣ ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ? ምንህ ነው?» አለ። «ወንድሜ ነው።» ሁለታችንን አፈራርቆ አየና ወረቀቱን መለሰ።

አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ በሀገሪቱ እንዲዘዋወር፣ እንዲሠራ፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት ይፈቅዳል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ወንድሜ ኮፒውን ከእኔ ቤት አትሞ በቦርሳው ይዞት ይዞራል። ግን መንገድ ላይ ማንም «ሕጉን አሳየኝ» አይልም፤ የሚታየው ፊት ነው። መኪናው ከተነሣ በኋላ ብዙ ጊዜ አልተናገረም። ኋላ ላይ «አንተ ባትኖርም ያሳልፉኝ ነበር። ግን ሁልጊዜ ብቻዬን ነበር የምወርደው» አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 16 — ከመቱ ጋምቤላ

ማለዳ ብርድ ነበር። ሶር ወንዝ መቱ አጠገብ ያልፋል። ወንድሜ ጣቱን ወደዚያ ቀስሮ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰው ነገረኝ፦ ትናንት የተሻገርነው ዴዴሳ ወደ ዓባይ ነው የሚሄደው፤ ሶር ግን ገባ ወንዝ ውስጥ ይገባል፣ ገባ ባሮን ይፈጥራል፣ ባሮ ድንበር ላይ ከፒቦር ጋር ሲገጥም ሶባት ይባላል። «ሶባት ደግሞ በእኛ በር ያልፋል» አለኝ። በር ያለው ናስርን ነው፣ የተወለደበትን ከተማ። ከናስር በታች ሶባት ማላካል ከተማ ሳይደርስ ነጭ ዓባይ ውስጥ ይገባል። እኔ መቱ ተወልዶ ያደገ ጓደኛ አለኝ፤ የሰፈሩ ውኃ የት እንደሚደርስ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። የወንዙን መንገድ ከላይ እስከ ታች የሚያውቀው ከታች የመጣው ነው።

ጎሬ ላይ ሻይ ጠጣን። ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ልዑል ራስ እምሩ የመጡት ወደዚህች የኮረብታ ከተማ ነበር። ከጎሬ በኋላ በቡሬ አድርጎ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል፤ መውረድ ብቻ። ጃኬት ወለቀ፣ ሹራብ ወለቀ፣ መስኮት ተከፈተ፣ የሚገባው ንፋስ ግን እንደ ምድጃ ትንፋሽ ነው። ዛፎቹ አጠሩ፣ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ።

ጋምቤላ ከሰዓት በኋላ ገባን። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ተገለበጠ። ጅማ ላይ መንገድ የማሳየው፣ ዋጋ የምጠይቀው፣ «አብሮኝ ነው» የምለው እኔ ነበርኩ። መናኸሪያው ላይ ግን ወንድሜ ቦርሳዬን ነጥቆ ከፊት ሄደ፤ በኑዌርኛ ከባጃጅ ሾፌር ጋር ተከራከረ፤ ሰዎች እኔን እያዩ ሲጠይቁት አንድ ቃል ይመልስላቸዋል። «ምን እያልካቸው ነው?» ብዬ ጠየቅኩት። «አንተ ኬላው ላይ ያልከውን» አለኝ።

ያደርነው ኒውላንድ በሚባለው ሰፈር አጎቱ ቤት ነው። አጎትየው በግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር አላቸው፤ ጋር ይባላል፣ የኑዌር ወንድ ለአካለ መጠን ሲደርስ የሚቀረጸው ምልክት። ወንድሜ የለውም፤ ዕድሜው ሲደርስ ስደት ላይ ነበር። «ማሌ» አሉኝ እጄን ይዘው። «ማሌ» አልኩ። ከዚያ በኋላ የምለው አልነበረኝም። ፈገግ ብዬ ዝም አልኩ። ራት ሲቀርብ ዝም፣ ሰው ሲስቅ ዝም። ወንድሜ ሰርቪስ ቤታችን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንዴት እንዳሳለፈ ያወቅኩት አጎበር ውስጥ ተኝቼ፣ ከውጭ የሚሰማውን ወሬ አንድ ቃል ሳልለይ ሳዳምጥ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 17 — ጋምቤላ

ወደ መጠለያ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማደር ደግሞ አይቻልም። ጠዋት አመለከትን፣ «ከሰዓት ኑ» ተባልን፤ ከሰዓት ስንሄድ «ነገ ጠዋት ትወስዳላችሁ» ተባልን። በመካከሉ ያለውን ጊዜ ባሮ ዳር አሳለፍን።

ባሮ በጥር ወርዶ አሸዋው ይታያል። ልጆች ይዋኛሉ፣ ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፣ አኙዋክ እናቶች ዓሣ በሳፋ ደርድረው ይሸጣሉ። ይህ ጸጥ ያለ ዳርቻ አንድ ዘመን ወደብ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር ባደረጉት ውል መሠረት እንግሊዞች እዚህ የንግድ ጣቢያ ከፈቱ። በክረምት ውኃው ሲሞላ ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች እስከዚህ ይወጡ ነበር፤ የጎሬና የኢሉባቦር ቡና በእነዚያ መርከቦች ተጭኖ በናስር በኩል ወደ ሱዳን ይወርድ ነበር። ጣቢያው ከእንግሊዝ እጅ ወጥቶ ወደ ኢትዮጵያ የተጠቃለለው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ በቦርሳዬ የያዝኩት የእናቴ ሁለት ኪሎ ቡና ድሮ ቢሆን በመርከብ ይሄድ ነበር ማለት ነው።

ድልድዩ ላይ ስንራመድ ወንድሜ ሁልጊዜ በመኪናው በኩል ይሆናል። እናቴ ከእኔ ጋር ገበያ ስትሄድ የምታደርገውን ያደርጋል። ማታ ላይ መንገድ ዳር የቆሙ ወጣቶች በእኔ ላይ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቃሉን ባላውቀውም ድምፁን ለየሁት። ወንድሜ ቆመ። ወደ እነሱ ሄዶ ቀስ ብሎ አወራቸው። አንደኛው መጥቶ ጨበጠኝ፣ «ይቅርታ ወንድም» አለኝ በጥሩ አማርኛ። ምን እንዳላቸው አልጠየቅኩም።

ሐሙስ፣ ጥር 18 — ጀዊ

ፈቃዱን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወሰድን። ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ነው። ወንድሜ በመንገድ ላይ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል።

ቤተሰቡ መጀመሪያ ያረፈው እዚህ አልነበረም። በ2006 የደቡብ ሱዳንን ጦርነት ሸሽተው ከናስር በእግር ተነሥተው ድንበር ተሻግረው ሌችዎር የሚባል መጠለያ ገቡ፤ እሱ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቱ ነበር። በዚያው ክረምት ሌችዎርን ጎርፍ ዋጠው። ድንኳኑም፣ መጸዳጃውም፣ መንገዱም ውኃ ሆነ። በ2007 ሰዉ ወደ ጀዊ ተዛወረ። አሁን ድንኳን የለም፤ በጭቃና በሣር የተሠሩ ጎጆዎች በመስመር ተደርድረዋል። ቦኖው ፊት ቢጫ ጀሪካኖች ከሴቶቹ በፊት ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

እናቱ ከሩቅ አዩን። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። ልጃቸውን አቅፈው ቆዩ፤ ከዚያ ለቀቁትና ወደ እኔ መጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ አልነበረም። ቅር ያላቸው ነገር ያለ መሰለኝና ደነገጥኩ። ፕላስቲክ ወንበር አመጡልኝ፤ እሳቸው መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡ። ጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ መጥተው ሰላምታ ሳያበዙ አጠገባቸው ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ መጡ። ሁሉም ዝም።

«ምን ሆነው ነው?» አልኩት በሹክሹክታ።

«ለቅሶ ሊደርሱህ ነው» አለኝ። «ለአባትህ።»

አባቴ የሞተው በነሐሴ 2013 ነው። ወንድሜ ሦስቱን ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። ከቦኖ ውኃ አመላልሷል፣ የዕድሩን ሳህን አጥቧል፣ ሌሊት ከወንዶቹ ጋር ሜዳ ላይ ተኝቷል። አክስቴ «ይሄ ልጅ የማን ነው?» ብላ ስትጠይቅ እናቴ «የእኔ» ነበር ያለቻት። ያን ሁሉ አልረሳሁም። ግን አባቴ ከሞተ ዓመት ከአምስት ወር አልፎ፣ አባቴ ስሙን እንኳ ሰምቶት በማያውቅ ቦታ፣ ለእሱ የሚቀመጥ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም። እናቱ ተናገሩ፤ ወንድሜ ተረጎመልኝ፦ «ልጄ በስልክ ሲነግረኝ እዚህ አለቀስኩ። ፊትህን ሳላይ ያለቀስኩት ግን አልቆጥረውም።» ሽማግሌው ጸሎት ጀመሩ። በማላውቀው ቋንቋ መካከል የአባቴ ስም ጥርት ብሎ ተሰማኝ። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ እንደገና። አለቀስኩ። አባቴን በቀበርኩ ቀን እንዲህ አላለቀስኩም።

አሁን የምጽፈው ከሁሉም የከበደኝን ነው። ልክ በተዋወቅን ሰሞን ስለ ቤተሰቡ ጠይቄው «አባቴ የለም» ብሎኝ ነበር። በአማርኛችን «የለም» ብዙ ነገር ነው። ሌላ ሀገር ሄዷል ሊሆን ይችላል፤ ጥሏቸው ሄዷል ሊሆን ይችላል። እኔ ከሁሉም የሚቀልለውን መርጬ አለፍኩት። የመታወቂያውን ኮፒ በየመንፈቅ ዓመቱ ያነሣሁለት እኔ ነኝ። ከስሙ ቀጥሎ የተጻፈው ደግሞ የአባቱ ስም ነው። በእጄ ያን ያህል ጊዜ አልፎ አንድ ቀን «አባትህ እንዴት ሆኑ?» አላልኩም። ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ።

እዚያው ምንጣፉ ዳር ጠየቅኩት። አባቱ በሶባት ላይ በጀልባ ዕቃ ያመላልሱ ነበር፤ ከናስር ማላካል፣ ከማላካል ናስር። በታኅሣሥ 2006 ጦርነቱ ማላካል ሲደርስ እዚያ ነበሩ። ቤተሰቡ ወሬውን የሰማው ከወራት በኋላ፣ ሌችዎር ውስጥ፣ ከአንድ ሰው አፍ ነው። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም።

«ለቅሶስ?»

«መቼ? መጀመሪያ እየሮጥን ነበር። ከዚያ ጎርፉ መጣ።»

ከወንበሩ ወርጄ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። ወደ እናቱ ዞሬ በአማርኛ «እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ነፍሳቸውን ይማር» አልኩ። ወንድሜን እንዲተረጉም አየሁት። አፉን ከፈተ፣ ቃል አልወጣውም። እናቱ ፊቱን አይተው ተረዱት መሰለኝ፤ ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሴቶቹ ጀመሩ። እስከ ቀትር ድረስ ማንም የማንንም ቃል አልተረጎመም።

ከዚያ ተበላ። ኮፕ በወተትና በደረቅ ዓሣ። ኮፕ ከማሽላ ዱቄት የሚሠራ፣ ፍርፍር ያለ ምግብ ነው። ራሽኑ ወደ ግማሽ መውረዱን ወንድሜ ቀደም ብሎ ነግሮኝ ነበር፤ ሳህኔ ግን ሁለት ጊዜ ተሞላ፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። የእናቴ ቡና ተቆልቶ ተፈላ፤ ጎረቤት ሁሉ ጠጣ። ጋቢውን አውጥቼ ሰጠኋቸው። በዚያ ሁሉ ሙቀት ትከሻቸው ላይ ደረቡት፣ እስክንሄድ ድረስ አላወረዱትም።

ለእናቴ ሚላያ ሰጡኝ፤ በእጅ የተጠለፈ የአልጋ ልብስ ነው። ነጭ ጨርቅ ላይ ቀይና ቢጫ አበባ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ወፎች። ክሩን ከጋምቤላ በጥቂት በጥቂቱ እየገዙ ነው የጨረሱት። ስልክ ተደወለ። ኑዌሮች እናትን በልጇ ስም ነው የሚጠሯት፤ «የእገሌ እናት» ብለው። እናቱ ስልኩን ወስደው በእኔ ስም እናቴን ጠሯት። ከወዲያ የእናቴ ድምፅ «አቤት! አቤት!» ሲል ይሰማል።

ከመሸ መቆየት አይፈቀድም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣን።

ዓርብ፣ ጥር 19 — ከጋምቤላ መቱ

ወንድሜ ዕረፍቱ እስኪያልቅ እናቱ ጋ ይቆያል። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ውኃና ሙዝ ገዝቶ በመስኮት አቀበለኝ፤ ለሹፌሩም አደራ አለው። ዳገቱን ስንወጣ ልብሴን አንድ በአንድ መልሼ ለበስኩ። መቱ ላይ ሶር አጠገብ ወርጄ ጥቂት ቆምኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 20 — ጅማ

ያው ኬላ፣ ያው ፈታሽ። መታወቂያዬን ገለጠው፣ ቀና ብሎ ከኋላዬ ተመለከተ። «ወንድምህስ?» አለኝ።

«እናቱ ጋ ነው።»

ጅማ ሲመሽ ገባሁ። እናቴ ሚላያውን አልጋ ላይ አላነጠፈችውም። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ወፎቹን በጣቷ እየነካች ቆጠረች። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ስጨርስ ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰች።

«የት ነው?» አልኳት።

«ለጎረቤት ልናገር። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚህ ቡና ይፈላል፣ ሰው ይቀመጣል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አልተቀመጠላቸው!» በሩ ጋ ደርሳ ዞረች። «ማን ልበል? የአባቱ ስም ማን ነበር?»

ነገርኳት። እንዳትሳሳት ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ወጣች።